በፎቶግራፍ የቆመ ዋስ

አሶሳ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለአጎቴ ልጅ ለጽጌ
ሻርጃ

አዲሱ ዓመት ባለሽበት አገር የጤና፣ ቡለን ላሉት ወገኖቻችን የሰላም ይሁን። እናትሽ ደኅና መሆናቸውን ከዚያ ከመጣ ሰው ሰምቻለሁ።

የተነጋገርነው እንዳይደበላለቅ በቅደም ተከተሉ አስቀምጠዋለሁ። ሐምሌ 3 ቀን ደውለሽ፣ የምትሠሪበት ኤጀንሲ ከቡለንና ከአካባቢው ለቤት ሠራተኝነት ለሚወስዳቸው ልጆች የእንግሊዝኛ መማሪያ እንዳዘጋጅ ጠየቅሽኝ። ሐምሌ 5 ቀን የማስቢያ ጊዜ ጠየቅሁሽ። ሐምሌ 21 ቀን በሁለት ነገር ተስማማን፦ ጽሑፉ ሳይቆረጥ እንዲታተም፣ ስሜም ሳልፈቅድ እንዳይወጣ። ነሐሴ 2 እና ነሐሴ 9 ቀን ከዐረብ አገር የተመለሱ ሦስት ሴቶችን እዚሁ አሶሳ አግኝቼ ጠየቅሁ። ጳጉሜን 4 ቀን ጽሑፉን ጨረስሁ። ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬልሻለሁ። መልስሽን በቴሌግራም ድምፅ ከምትልኪ ይልቅ እንድትጽፊልኝ እለምንሻለሁ፤ ድምፅ ተመልሶ ለመመርመር አይመችም።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ልጆቻችን የእንግሊዝኛ ግሥ የሚማሩት ጎ፣ ዌንት፣ ጎን እያሉ በዜማ ነው። ግሡን ይይዙታል፤ ከኋላው የምትከተለውን ትንሽ ቃል ግን አያዩዋትም። “ጊቭ” መስጠት መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። “ባክ” ስትከተለው መመለስ፣ “አፕ” ስትከተለው መተው፣ “ኢን” ስትከተለው እጅ መስጠት እንደሚሆን የነገራቸው ግን ጥቂት ነው። “ሉክ” ማየት ነው፤ “ሉክ አፍተር” መንከባከብ ነው። ካነጋገርኋቸው ሦስት ሴቶች አንዷ፣ ሕፃኑን “ሉክ አፍተር” ስትባል ቆማ ስታየው እንደዋለች ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነባትን ስትነግረኝ አልሳቀችም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ግሥ ከትንሿ ቃሉ ሳልነጥል አስቀምጫለሁ። መማሪያው ሁለት ክፍል አለው። ክፍል አንድ ልጅቷ የምትሰማው ነው፦ አንሺ፣ አስቀምጪ፣ ወልውዪ፣ ጠብቂ፣ ተንከባከቢ። ክፍል ሁለት ልጅቷ የምትናገረው ነው፦ ፓስፖርቴን መልሱልኝ፤ በሩ ተቆልፎብኛል፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱኝ፤ እናቴ ጋ ልደውል፤ ከዚህ ቤት መውጣት እፈልጋለሁ፤ እከሳለሁ። ሁለቱ ክፍሎች እኩል ገጽ እንዲይዙ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው።

ወንድምሽ ዋጋዬ

*

ሻርጃ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ለዋጋዬ

እንደ ቤታችን ወግ ከጤናህ ልጀምር፤ ጨጓራህ እንዴት አደረገህ? እኔ በእመቤታችን ምልጃ ደኅና ነኝ። ሙቀቱ ብቻ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

መቼም አንተ እንቅልፍም በተራ ቁጥር ነው የምትተኛው! መማሪያውን ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብሁት። ኃላፊያችን ጨርሳ ካዳመጠች በኋላ፣

“ይህን የጻፈው መምህር ነው ጠበቃ?” አለችኝ።

“መምህር ነው፤ የአጎቴ ልጅ።”

“እንግዲያው ንገሪልኝ። ልጆቹ የሚመጡት ለሥራ ነው፤ ለሙግት አይደለም።”

ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ነገሩን እንድትረዳልኝ ግን ላስረዳህ። የአሶሳ ልጆች ዐረብኛ ከሚችሉት ከበርታ ጎረቤቶቻቸው ጋር ስላደጉ ጆሯቸው ዐረብኛ ለምዷል፤ ዐረብ ቤት ይፈለጋሉ። የእኛ የቡለን ልጆች ያ የላቸውም። ተስፋቸው እንግሊዝኛ የሚናገር የውጭ ሰው ቤት ነው፤ እሱም ከሌላው ይሻላል። ለዚህ ነው መማሪያህ የሚያስፈልገን። ክፍል አንድ ወርቅ ነው። ክፍል ሁለት ግን ይቆየን። የመማሪያው ግልባጭ ለአሠሪዎቹም ይደርሳል፤ አንዲት አሠሪ ገና ልጅቷ ሳትገባላት “በሩ ተቆልፎብኛል” የሚል ብታነብ ምን ትላለች?

ሁለተኛው ጉዳይ፦ ስምህና ፎቶህ ሽፋኑ ላይ ቢወጣ ጥሩ ነው። ወላጅ የሚያውቀውን ፊት ማየት ይፈልጋል። በክራባት የተነሣኸውን ላክልኝ። ተቆጥተህ ያልተነሣኸው ካለህ ማለቴ ነው።

የአክስታችን የዘቢደር ልጅ ኤፍራታም ተመዝግባለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሳይመጣላት ከቀረ ወዲህ ቤት ተቀምጣ ነበር። ደስ ይበልህ።

እህትህ ጽጌ

*

አሶሳ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌ

ጤናሽን እመኛለሁ። ጨጓራዬ ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ ድረስ ደኅና ነበር።

ዕለቱን ያልመለስሁልሽ፣ የተጸየፈ ሰው ቃል ለመምረጥ ስለሚቸገር ነው። አሁን መርጫለሁ። ክፍል አንድን ብቻ ማተም ለልጅ ጆሮ ሰጥቶ አፍ መንሳት ነው። “ውሰጂ”፣ “አምጪ”፣ “ዝም በዪ” የሚለውን አሠሪዋ በምልክትም ታስረዳታለች፤ ለዚያ መምህር አያስፈልግም። እኔ የተቀመጥሁት ለሌላው ነው።

በጎ ፈቃዴን ለማሳየት ይህን እቀበላለሁ፦ “እከሳለሁ” የሚለው ይውጣ፤ “ከዚህ ቤት መውጣት እፈልጋለሁ” የሚለውም ይውጣ። ፓስፖርቱ፣ በሩ፣ ሐኪሙና ስልኩ አይወጡም። በእነዚህ አራቱ ላይ ቢሮሽ ከተስማማ ስሜም ፎቶዬም ሽፋኑ ላይ ይታተም። ካልተስማማ ሥራዬ ይመለስልኝ። ጊዜ ለማትረፍ ፎቶውን ከወዲሁ አያይዣለሁ፤ የምትጠቀሙበት ግን ቅድመ ሁኔታው ሲሟላ ብቻ ነው።

የኤፍራታን መሄድ ካንቺ መስማቴ አስገርሞኛል። የምትገባበትን ቤት ባለቤት ስም፣ ሰፈሩንና ስልኩን ጻፊልኝ።

ዋጋዬ

*

ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ

ለመጪው የልደት በዓል እንኳን በሰላም አደረሰህ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዛብኝ።

መማሪያው ታትሞ ወደ አገር ቤት ተልኳል፤ በተነጋገርነው መሠረት ተስተካክሏል። ፎቶህ አምሮበታል። የቢሮው ልጆች “ይህ ሰው ሚስት አለው?” እያሉ ይጠይቁኛል።

አንድ ልመና አለኝ፦ ክፍል አንድን በድምፅህ ቅዳልኝ፤ ልጆቹ በመንገድ እየሰሙት ይመጣሉ። የኤፍራታ ቤት ገና አልታወቀም፤ ሲታወቅ እነግርሃለሁ።

ጽጌ

*

አሶሳ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌ

ለጥምቀት ቡለን ነበርሁ። በጸጥታ ችግር ተዘግቶ የቆየው መንገድ በመከፈቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ገባሁ። ያየሁትን ባየሁበት ቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም በዚያው ቅደም ተከተል አንብቢው።

ጥር 11 ቀን ከታቦቱ መልስ እናንተ ቤት ጎራ አልሁ። አቶ ጫኔና ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አክስታችን ዘቢደርም ነበሩ።

“እሰይ! ዋሱ በእግሩ መጣ” አሉ አቶ ጫኔ። “ከፎቶው ግን ከስቷል።”

“የማን ዋስ?” አልሁ።

“የልጆቹ ነዋ! መንገድ ተዘግቶብህ ብትቀር መጽሐፍህ መጣልን። በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። ከዚያ አባቶች በየተራ ቀኝ እጃቸውን ፊትህ ላይ እያሳረፉ ተዋዋልን። ቦዔዝ ከእርሻ ስለመጣ እጁ ጭቃ ነበር፤ ጢም ጨመረልህ። ይቅር በለው።”

ሁሉም ሳቁ። አክስታችን ሳይስቁ፣ “እኔ እንቢ ብዬ ነበር” አሉ። “ያንተን ፊት ሳይ ግን አፌን ዘጋሁ። ዋጋዬ ወደማያውቀው ቤት የሰው ልጅ አይሰድም ብዬ።”

“አክስቴ፣ እኔ ቤቱን አላውቀውም።”

“ይህን ትሑት እዩት!” አሉ አቶ ጫኔ። “ከሽፋኑ ላይ ተቀምጦ ውስጡን የማያውቅ አለ?”

ይህን ወግ ረስተሽዋል ብዬ ላስብ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። በእኛ አገር ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ስትወጣ፣ ለትዳርም ሆነ ለሥራ፣ ዋስ ይጠራላታል። ዋሱ በሽማግሌ ፊት ቆሞ ቀኝ እጁን ይሰጣል። ልጅቷ ብትጎዳ ወላጆቿ ዳኛ ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት እሱ ደጅ ይቆማሉ። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ፤ ፎቶውን የጠየቅሽኝም ስለምታውቂ ነው። እኔ በሌለሁበት ለዐሥራ አንድ ቤት ዋስ አቆማችሁኝ። ኤፍራታም እኔ ከመድረሴ በፊት፣ ጥር 4 ቀን፣ ቡለንን ለቅቃ ሄዳለች።

መማሪያውን እዚያው ገለጥሁት። ክፍል ሁለት የለም። አራቱም የሉም። ክፍል አንድም የእኔ አይደለም፤ ከክፍል ሁለት ግሦችን ወስደው ትእዛዝ አድርገው ጨምረውበታል። “ዌይት ፎር” ሥር “የዕረፍት ቀኔን እጠብቃለሁ” ብዬ የጻፍሁት “ማዳም እስክትነሣ ጠብቂ” ሆኗል። “ጊቭ ባክ” ሥር “ፓስፖርቴን መልሱልኝ” የነበረው “ስልክሽን ለማዳም መልሺ” ሆኗል። “እኔ” ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እሱም “እኔ አጥፍቻለሁ” የሚል ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የገዛ ፊቴ፣ ጭቃ የነካው፣ በክራባት ፈገግ ብሎ ያየኛል። አቅለሸለሸኝ። ወጥቼ ከአጥሩ ጀርባ ቆምሁ። ሽማግሌዎቹ የበዓል ምግብ ያልተስማማኝ መሰላቸው።

የኤፍራታ ቤት አድራሻ በዚህ ሳምንት ይድረሰኝ። ድምፄን አልቀዳም።

ዋጋዬ

*

ሻርጃ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ዋጋዬ

ጾሙን የበረከት ያድርግልህ።

ኤፍራታ ደኅና ናት። ቤት ገብታለች። አድራሻ ለቤተሰብ መስጠት በቢሮው ደንብ ክልክል ነው።

የጻፍኸውን በቅደም ተከተል አነበብሁት። አሁን እኔ ደግሞ የጻፍሁትን አንተ አንብብ። አሶሳ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጠህ “በሩ ተቆልፎብኛል” የሚለውን ግሥ ከትንሿ ቃሉ ጋር አሰናስለህ ስትጽፍ፣ ልጅቷ ይህን ስትል ቁልፉ የሚዞር መስሎህ ነው። “ፕሊስ ሌት ሚ አውት” የሚለውን እኔን ማን ያስተማረኝ ይመስልሃል? ማንም አላስተማረኝም። ራሴ ገጣጥሜ ነው ያልሁት፤ አንዲት ቃል አልጎደለችውም። ከበሩ ወዲያ የነበሩት ሰዎች እንግሊዝኛ ከአንተ የተሻለ ይናገራሉ። አልገባቸውም ማለት አትችልም። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም፤ አንተም ዳግመኛ አትጠይቀኝ።

ሻንጣዋ ውስጥ ያንተ ክፍል ሁለት የተገኘባት ልጅ “አስቸጋሪ” የሚል ስም ይወጣላታል። አስቸጋሪ የተባለች ልጅ ወደ የትኛው ቤት እንደምትላክ አውቃለሁ። ገጾቹን ያስቆረጥሁት ለዚህ ነው። አንተ ጸያፍ ነገር ከሩቅ አይተህ አፍንጫህን ትይዛለህ፤ እኔ ውስጡ ቆሜ ልጆቹ በትንሹ እንዲነካቸው እለፋለሁ። ፎቶህንም በግድ አልወሰድሁብህም። የላክኸው አንተ ነህ።

ጽጌ

*

አሶሳ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌ

ስለ በሩ የጻፍሽውን አንብቤአለሁ። እንዳትጠይቀኝ ስላልሽ አልጠይቅም። አዝኛለሁ። ማዘኔ ግን የሚከተለውን አያስቀረውም።

አንደኛ፣ ፎቶውን የላክሁት እኔ መሆኔ እውነት ነው። ለማይታመን ቢሮ ቅድመ ሁኔታ ጽፎ ዕቃውን አብሮ መላክ የጥንቁቅ ሰው ሥራ አይደለም። 

ሁለተኛ፣ የካቲት 23 ቀን ኤፍራታ እናቷ ጋ ደውላ ነበር። አክስታችን ንግግሩን እንዳለ ነገሩኝ። “እየበላሽ ነው?” ሲሏት “አዎ” አለች። “ትተኛለሽ?” ሲሏት “አዎ” አለች። “ማን አለ ካንቺ ጋር?” ሲሏት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናግራ ስልኩ ተዘጋ። አክስታችን ድምፁን በቃላቸው ይዘውት ቆይተው ደግመው አሰሙኝ። ግሡ ከታተመው ክፍል አንድ ነው፤ “አሁን ስልኩን እመልሳለሁ” ማለቷ ነው። እሳቸው ግን ልጃቸው እንግሊዝኛ በመቻሏ ኮርተው ለጎረቤት ይነግራሉ። እኔንም አመሰገኑኝ።

ሦስተኛ፣ ዋስ የገባ ሰው መውረድ ይችላል። በገባበት ሸንጎ፣ በዚያው ሽማግሌ ፊት ቆሞ “ወርጃለሁ” ይላል፤ ምክንያቱንም ይናገራል። በዳግማይ ትንሣኤ ቡለን ሄጄ ይህን አደርጋለሁ። ዐሥራ አንዱም ቤት ልጁን የት እንደላከ ያን ቀን ይጠይቅ። ከዚያ በፊት የኤፍራታን አድራሻ ከላክሽ፣ ሸንጎው ፊት ያንቺን ስም አላነሣም።

ዋጋዬ

*

ሻርጃ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ

በእናቴ ይዤሃለሁ፣ ይህን ስታነብ ብቻህን ሁን።

ኤፍራታ ከመጀመሪያው ቤት ወጥታለች። ባለቤቲቱ “ለዘመድ አስተላልፌአታለሁ” ትላለች፤ የዘመዷን ስም አትናገርም። ቢሮው ደብዳቤ ጻፍሁ ይላል። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ በር ላይ ቆምሁ፤ ዘበኛው መለሰኝ። ፖሊስ ዘንድ ልሂድ ብል የሥራ ፈቃዴ በቢሮው ስም ነው፤ እኔም በማግስቱ ከአገር እባረራለሁ። ያን ጊዜ ለሌሎቹ ዐሥር ማን ይቀርላቸዋል?

ሸንጎ አትቁም። እናቴ በዚያ ሰፈር ብቻዋን ናት፤ ውኃ የሚቀዳላት የቦዔዝ ቤት ነው፤ የቦዔዝም ልጅ እዚህ ናት። ለአክስታችን ምንም አትበል። “ጽጌ ደኅና ናት ብላለች” በላቸው። ብያለሁና ውሸት አይሆንብህም። እኔ እፈልጋታለሁ። ጊዜ ስጠኝ።

ጽጌ

*

አሶሳ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌ

ሰላምታ ለመጻፍ ሞክሬ ሰርዤዋለሁ።

ሚያዝያ 17 ቀን ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ በእሱ አላመካኝም። ዐሥራ አንድ ቤት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ሲጠብቀኝ፣ እኔ ደግሞ አንድም መልስ ሳልይዝ ስቆም ታየኝ። ሚያዝያ 18 ቀን ቦርሳውን ፈታሁት። በዳግማይ ትንሣኤ ማታ አክስታችን ደወሉ።

“እንጠብቅህ ነበር፤ ምነው ቀረህ?”

“ሥራ ያዘኝ፣ አክስቴ።”

“እሺ፣ መጣህም ቀረህም ዋሷ አንተ ነህ። ከዚያች ቀን ወዲህ አልደወለችልኝም። ልጄ እንዴት ናት?”

“ጽጌ ደኅና ናት ብላኛለች።”

“ጽጌን መች ጠየቅሁህ?”

“ደኅና አይደለችም ያለኝ ሰው የለም፣ አክስቴ።”

ከዚያ፣ “አፍህ ይባረክ” አሉኝ።

ስለ ኤፍራታ የተናገርኋቸውን እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መርምሬአቸዋለሁ። ባለቤታቸው ግልጽ ነው፤ ግሦቻቸው ቦታቸውን ይዘዋል፤ ቃል በቃል ቢመረመሩ ሐሰት አይገኝባቸውም። የመጀመሪያውን አንቺ ሰጠሽኝ፤ ሁለተኛውን ያለማንም እርዳታ እዚያው ስልክ ላይ ሠራሁት። ለተማሪዎቼ ሃያ ዓመት ያስተማርሁት ጥንቃቄ ለዚህ እንደሚውል አላውቅም ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አፌን ተጉመጠመጥሁ። የቢሮሽን ገጽ ሳገላብጥ የተሰማኝ ማቅለሽለሽ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ወጥቼ ከአጥር ጀርባ የምሸሸው ሰው አልነበረም።

አንቺን መጸየፍ ቀላል ነበር፤ ወራት ሙሉ ተመቻችቼበታለሁ። አሁን አብረን ነን። ይህን የምጽፈው ልታረቅሽ ብዬ አይደለም፤ የሆነው ነገር በጽሑፍ እንዲቀመጥ ብዬ ነው።

የመጀመሪያውን ቤት አድራሻ አልላክሽም። ፖሊስ ዘንድ አልሄድሽም። እኔ ቡለን አልሄድሁም። ከዋስነቴ አልወረድሁም። ኤፍራታ የት እንዳለች እንደማናውቅ ለእናቷ አልነገርናቸውም።